የመንግሥትን ወጪ ማን ይገድበው? ስለ ግብር፣ ስለ ዕዳና ስለ ደመወዛችን

የሒሳብ ሰው (ውይይቱን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። የግብር ነገር በተነሳ ቁጥር ክርክራችን «ምጣኔው በዛ፣ አይ አነሰ» ላይ ይቀራል። እኔ ዋናው ጉዳይ መንግሥት የሚያወጣው ገንዘብ ነው ባይ ነኝ። መንግሥት አንዴ ካወጣ ገንዘቡ ከአንዳችን ኪስ መውጣቱ አይቀርም። ዛሬ በግብር ካልሆነ ነገ በዕዳ ክፍያ ወይም በዋጋ ንረት ይመጣል። ስለዚህ ግብር መቀነስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የወጪውን ልክ ነው።

ከደመወዝ ልጀምር፤ ብዙዎቻችን የምናውቀው እሱን ነው። በ1994 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ 35 በመቶ የሚቆረጠው ከ5,000 ብር በላይ ካለው ደመወዝ ላይ ነበር። ያኔ ዶላር 8 ብር ተኩል ገደማ ስለነበር 5,000 ብር ወደ 590 ዶላር ይጠጋል። በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 979 መነሻውን 10,900 ብር አደረገው፤ በጊዜው ምንዛሪ 500 ዶላር ገደማ ማለት ነው። ባለፈው ማሻሻያ፣ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ 14,000 ብር ሆነ። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ያ ገንዘብ 110 ዶላር እንኳ አይሞላም።

አስተውሉ፤ 35 በመቶ በሦስቱም አዋጆች 35 በመቶ ነው። ምክር ቤት ውስጥ «በደመወዝተኛው ላይ ግብር ይጨመር» ብሎ እጁን ያወጣ የለም። ሆኖም ድሮ የትልልቅ ድርጅት ኃላፊ ብቻ ይከፍለው የነበረውን ምጣኔ ዛሬ ጀማሪ መሐንዲስና ጀማሪ ሐኪም እየከፈሉት ነው። የብርን አቅም ያዳከመው የመንግሥት ወጪና ብድር ነው፤ ግብሩን የጨመረውም እሱ ነው። ውሳኔው በየትኛውም አዋጅ ላይ አልተጻፈም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

አቤል_22

ደመወዝ በብር እየተከፈለን በዶላር መለካት ልክ አይመስለኝም። እንደዚያ ከሆነ ሁሉም ነገር የወደቀ ይመስላል።

የሒሳብ ሰው

አቤል፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ዶላሩን ተወውና በገበያ ዋጋ ለካው። ከ2008 እስከ 2017 የኑሮ ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨምሯል። ዘይትና የቤት ኪራይ የሚከፍል ሁሉ ያውቀዋል። የ35 በመቶው መነሻ ግን ከ10,900 ወደ 14,000 ከፍ ያለው በ28 በመቶ ብቻ ነው። ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ ከ600 ወደ 2,000 ብር ማደጉ ለዝቅተኛ ተከፋይ እፎይታ እንደሆነ አልክድም። ግን 600 ብር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳይነካ ቆየ። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ዋጋ በጨመረ ቁጥር የተሰበሰበው ትርፍ ግብር ለማንም አልተመለሰም።

የመርካቶ ልጅ

ደመወዝተኛ ቢያንስ ስንት እንደተቆረጠበት በወረቀት ያየዋል። እኛ ጋ ግምት ነው።

የ2009ን ክረምት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ያኔ ትንሽ የጫማ ሱቅ ነበረኝ፣ ደረጃ ሐ። ለቀን ገቢ ግምት ሦስት ሰዎች መጡ፤ አንዱ መዝገብ ይዟል። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ የመርካቶ ቅዳሜ ምን እንደሚመስል ማስረዳት አያስፈልገኝም። «የዕለት ሽያጭህ ስንት ነው?» አሉኝ፤ ነገርኳቸው። መደርደሪያውን ቃኙ፣ ቆመው ገዢ ቆጠሩ፣ ካልኩት ሦስት እጥፍ ጽፈው ሄዱ። በኋላ ያ ቁጥር በዓመቱ የሥራ ቀን ተባዝቶ መጣ። ዝናብ ጥሎ አንድ ጥንድ ጫማ የማይሸጥበት ማክሰኞም እንደ ቅዳሜ ተቆጠረ። ቅሬታ አቀረብኩ፤ ጥቂት ተቀነሰልኝ። አጠገቤ ሻይ ቡና የምትሸጠው እናት ግን ቅሬታ መጻፍም አልሆነላትም፤ ፈቃዷን መልሳ ወጣች። ያን ክረምት አምቦና ወሊሶም ሱቅ ተዘግቶ ነበር። ሰው ግብር አልከፍልም አላለም። ያልሠራሁትን አልከፍልም ነው ያለው።

አሁን በአዲሱ ሕግ ደግሞ ትርፍ ባይኖርህም ከዓመት ሽያጭህ 2.5 በመቶ የሚያስከፍል ዝቅተኛ ግብር አለ። እንደ ጅምላ ሻጭ ትርፉ ስስ ለሆነ ሰው 2.5 በመቶ የሽያጭ ማለት አንዳንድ ዓመት ሙሉ ትርፉ ነው።

መምህር ከደብረ ማርቆስ

ልጆቼ፣ ከላይ ያላችሁትን በጥሞና አነበብኩ። በግምቱ ጉዳይ የመርካቶው ልጅ እውነት አለው። ግን አንድ ነገር እየተዘለለ ነው። የሀገራችን የግብር ገቢ ከጠቅላላው ምርት 10 በመቶ እንኳ አይደርስም፤ ኬንያ ከእኛ በብዙ ትሰበስባለች። እኔ በማስተምርበት ክፍል ከ60 በላይ ተማሪዎች አሉ፤ አንድ ወንበር ላይ አራት ሆነው ይቀመጣሉ። የመምህር ደመወዝ ለወር አይበቃም። ጤና ጣቢያው መድኃኒት የለውም። ይህ ሁሉ ባለበት አገር «መንግሥት ይነስ» ማለት እነዚህን ልጆች ለማን መተው ነው? ሴፍቲኔት ቢቀር የሚራበው ገበሬስ? መንግሥት ትንሽ የሆነበት አገር ውስጥ ነው ያለነው፤ መጨመር እንጂ መቀነስ አይታየኝም።

የሒሳብ ሰው

መምህር፣ ያነሱት የዚህ ውይይት ከባዱ ጥያቄ ነው።

በግብር ብቻ ሲለካ መንግሥታችን ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን መሬት በሙሉ በመንግሥት እጅ ነው። ትልቁ ባንክ የመንግሥት ነው። ባለፉት አሥርተ ዓመታት ስኳሩን፣ ማዳበሪያውን፣ ባቡሩን የያዘው መንግሥት ነው። ለእነዚህ የወጣው ገንዘብ አብዛኛው በግብር መዝገብ ላይ አይታይም፤ በብድር ነው የመጣው። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የ900 ቢሊዮን ብር የመንግሥት ቦንድ እንዲሰጥ አጸደቀ። ምክንያቱ የልማት ድርጅቶች ከባንኩ ወስደው ያልመለሱት ብድር ነው። የዚያው ዓመት የፌዴራል በጀት መጀመሪያ ሲጸድቅ 971.2 ቢሊዮን ነበር። የአንድ ዓመት በጀት የሚያህል ዕዳ ወደ ግብር ከፋዩ ዞረ ማለት ነው። ያ ብድር ሲሰጥ ምክር ቤት አልመከረበትም። የእርስዎ ተማሪዎች ወንበር በዚያ ገንዘብ ውስጥ ስንት ጊዜ ይገባ ነበር?

መንግሥት ይገደብ ስል ትምህርት ቤት ይዘጋ ማለቴ አይደለም። መንግሥት ሁሉንም ልሥራ ሲል ግዴታው የሆነውን ሥራ ይበድላል ነው የምለው። ፍርድ ቤት፣ ጸጥታ፣ መሠረታዊ ትምህርትና ጤና፣ መንገድ፤ እነዚህ ይሙሉ። ስኳር ማምረት ግን የእሱ ሥራ አይደለም።

ባንክ ውስጥ ያለሁ

ስለተደበቀው ግብር ከውስጥ ልናገር። ከሚያዝያ 2003 ጀምሮ የግል ባንክ 100 ብር ባበደረ ቁጥር 27 ብር የብሔራዊ ባንክ ሰነድ መግዛት ነበረበት። የሰነዱ ወለድ 3 በመቶ፣ ጊዜው አምስት ዓመት። እኛ ግን ለቆጣቢ ቢያንስ 5 በመቶ እንከፍላለን። በእያንዳንዱ ሰነድ ላይ ኪሳራ ነው። ኪሳራውን የሚሸፍነው ተበዳሪው ነው፤ ለዚህም ነው ለአነስተኛ ነጋዴ የብድር ወለድ የተሰቀለው። ቆጣቢውም ዋጋ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ በጨመረበት በ2014 ዓ.ም. 7 በመቶ ወለድ እየተቀበለ ገንዘቡ ዓይኑ እያየ ቀለጠ። የ27 በመቶው ግዴታ በ2012 ቀረ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ በ2015 በሌላ መልክ ተመለሰ፤ ከምንሰጠው ብድር 20 በመቶ የሚያህል የግምጃ ቤት ቦንድ ግዙ ተባልን።

ይህ «ግብር» የሚል ስም የለውም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96፣ 97 እና 98 ውስጥ ማን ምን ግብር እንደሚጥል ተዘርዝሯል። ይሄኛው የመጣው በመመሪያ ነው። ለማንም እንደራሴ አልቀረበም።

መሐንዲሱ

ይቅርታ፣ አንድ ወገን ብቻ እየተነገረ ነው። ያ የ27 በመቶ ገንዘብ በልማት ባንክ በኩል ረጅም ጊዜ ለሚፈልጉ ፋብሪካዎች እንዲሄድ ታስቦ ነው። የግል ባንክ ለአሥር ዓመት ፕሮጀክት አያበድርም፤ ለአስመጪ ለስድስት ወር ማበደር ይቀለዋል። ሕዳሴ ግድብን ማን ሊሠራው ነበር? የውጭ አበዳሪ እምቢ ሲል ከደመወዛችን ሰጥተን፣ ቦንድ ገዝተን ሠራነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ አቅም አለው። በናንተ ቀመር ቢሆን ዛሬም ኩራዝ ላይ ነበርን።

የሒሳብ ሰው

መሐንዲሱ፣ ግድቡ ኃይል ይሸጣል፤ ወጪውን የሚመልስበት መንገድ አለው። ለቦንዱም እኔም ከፍያለሁ፤ አልቆጭም። ግን ከግድቡ ጋር በአንድ ዘመን የተጀመሩትንም አብረን እንቁጠር። በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ 10 አዳዲስ ስኳር ፋብሪካዎች ተብሎ ነበር፤ አገሪቱ ስኳር ላኪ ትሆናለች ተብሎ። ዛሬም ስኳር ከውጭ ይገባል። የፋብሪካዎቹ ዕዳ ግን ቀረ፤ የልማት ድርጅቶችን ዕዳ የሚረከብ ኮርፖሬሽን በ2013 ዓ.ም. ማቋቋም እስኪያስፈልግ ድረስ። የኢትዮ ጅቡቲ ባቡርም በ10 ዓመት ይከፈል የነበረው ብድር በ2010 መጨረሻ ወደ 30 ዓመት ተገፋ፤ ባቡሩ ብድሩን ሊከፍል ስላልቻለ።

ልዩነቱ የት እንደሆነ ላሳይህ። የግል ባለሀብት ስኳር ፋብሪካ ላይ ቢሳሳት ይከስራል፣ ሥራውን ያቆማል። መንግሥት ሲሳሳት ስህተቱን በሌላ ብድር ያራዝመዋል። ማቆሚያ የለውም። ስለዚህ ማቆሚያው በሕግ መቀመጥ አለበት።

አቤል_22

ከውጭ ገበያ በዶላር የተበደርንበት የዩሮ ቦንዱስ? ልጅ ሆኜ ዜና ላይ ትልቅ ስኬት ተብሎ ሲነገር ትዝ ይለኛል።

ባንክ ውስጥ ያለሁ

በታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. አንድ ቢሊዮን ዶላር፣ በ6.625 በመቶ ወለድ፣ ዋናው ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመለስ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ የተበደርነው በዶላር፣ ገንዘቡ የገባባቸው ሥራዎች ደግሞ ዶላር የማያስገቡ። በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. የደረሰው ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ አልተከፈለም። መንግሥት ምክንያቱ አበዳሪዎችን ሁሉ በእኩል ለማየት ነው አለ። እሱ የራሱ ክርክር አለው። ለአስመጪና ለሕመምተኛ ግን ውጤቱ አንድ ነው፤ አገሩ ዕዳውን ያልከፈለ ተብሎ ሲመዘገብ ለመድኃኒት የሚከፈት ኤልሲም (ባንክ ለውጭ ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ይወደዳል። በጂ20 የጋራ ማዕቀፍ የተያዘው የዕዳ ማሸጋሸጊያ ድርድር ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓመታት ፈጀ፤ የአይኤምኤፍ 3.4 ቢሊዮን ዶላርም የመጣው ከቅድመ ሁኔታዎቹ ጋር ነው። የራሳችንን ወጪ ራሳችን ሳንገድበው ስንቀር ሌላ ሰው መጥቶ ገደበልን።

ግዥ ክፍል የነበርኩ

ስለ ትልልቁ ተናገራችሁ፤ እኔ ስለ ሰኔ ልናገር።

አንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ግዥ ክፍል ሠርቻለሁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ብር ሐምሌ 1 ወደ ካዝና ተመላሽ ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ ስብሰባ ይጠራል። «ይህን ያህል ብር ቀርቷል፤ ካልተጠቀምንበት የሚቀጥለው ዓመት በጀታችን ይቀነሳል» ይባላል። ከዚያ ሩጫ ነው። በሦስት ፕሮፎርማ ወንበር ይገዛል፤ ያለፈው ሰኔ የተገዛው ገና ፕላስቲኩ ሳይነሳ መጋዘን ውስጥ አለ። ቶነር ይገዛል፤ ማተሚያው ከተበላሸ ቆይቷል። ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ይቆረጣል፣ ዕቃው ግን ነሐሴ ላይ ይመጣል። አዳማ ወይ ቢሾፍቱ የአምስት ቀን ሥልጠና ይዘጋጃል፣ አበል ይታሰባል። ሌባ አልነበርንም። ሕጉ የቆጠበን ይቀጣል፣ የጨረሰን ይሸልማል፤ አንድ የክፍል ኃላፊ ብር ቢያተርፍ ለቀጣዩ ዓመት ሠራተኞቹን ነው የሚጎዳው።

ዋና ኦዲተር ይህንኑ በየዓመቱ ለምክር ቤት ያቀርባል፤ ያለ አግባብ የተፈጸመ ግዥ፣ ያልተወራረደ ሒሳብ፣ ያልተሰበሰበ ገቢ። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ኃላፊዎችን ይጠይቃል፤ ያሳፍራል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ግኝት ይመለሳል። ኦዲተሩ መናገር እንጂ ማስከፈል አይችልም። መምህር፣ የእርስዎ ተማሪዎች ወንበር ያለው እዚያ መጋዘን ውስጥ ነው። ይህን ስል ያንገበግበኛል።

ከዙሪክ

እኔ እዚህ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ የማየውን ልንገራችሁ። የስዊዘርላንድ ፌዴራል መንግሥት ግብር የመሰብሰብ ሥልጣኑ ራሱ ቀን አለው። ሕገ መንግሥቱ የፌዴራል ቀጥታ ግብርና ቫት የሚሰበሰቡት እስከ 2035 እ.ኤ.አ. ነው ይላል፤ ከዚያ በኋላ ሕዝቡን እንደገና መጠየቅ አለባቸው። የቫት ጣሪያም ሕገ መንግሥቱ ላይ ስለተጻፈ አንድ ነጥብ ለመጨመር ድምፅ ይሰጣል። ቫት ከ7.7 ወደ 8.1 በመቶ ያደገው ሕዝብ ድምፅ ከሰጠበት በኋላ ነው፤ ገንዘቡም ለጡረታ ብሎ ተለይቶ። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዕዳ ልጓም የሚሉት ድንጋጌ 85 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ጸደቀ። በበጎ ዓመት ትርፍ ያዝ፣ በክፉ ዓመት ጉድለት ይፈቀድልሃል፣ ከዚያ ውጪ ያለህን ብቻ አውጣ ነው ነገሩ።

መምህር ከደብረ ማርቆስ

ልጄ፣ ስዊዘርላንድ ሀብታም አገር ናት። ለሀብታም መገደብ ይቀላል። ለእኛ ጦርነትም፣ ድርቅም አለ።

ከዙሪክ

መምህር፣ እውነትዎን ነው፤ ለአደጋ ጊዜ በር መተው ያስፈልጋል፣ እዚህም ተትቷል። ግን ሀብታም ያልሆነች አገር ልጥቀስልዎ፤ ጆርጂያ። በ2003 እ.ኤ.አ. ግብሯ 21 ዓይነት ነበር፤ ሙስናውም የከፋ። ወደ ስድስት ዓይነት ቀነሱት፣ ምጣኔውንም ዝቅ አደረጉ። የተሰበሰበው ግብር ከምርቱ አንጻር ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ ከፋዩ መሸሽ ስላቆመ። በኋላ በ2014 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ወጪ ከምርቱ 30 በመቶ፣ ጉድለቱ 3 በመቶ፣ ዕዳው 60 በመቶ እንዳያልፍ በሕግ አሰሩ።

የሒሳብ ሰው

እኛም ዘንድ ሊደረጉ የሚችሉ ነገሮች አሉ፤ የማምንባቸውን ልናገር። መጀመሪያ የደመወዝ ግብር መደቦች በየዓመቱ በዋጋ ንረት ልክ በራሳቸው እንዲስተካከሉ አዋጁ ውስጥ ይጻፍ። ይህ ብቻውን መንግሥትን ከዋጋ ንረት ተጠቃሚ ከመሆን ያወጣዋል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚቀድመው ይህ ነው።

ተጨማሪ በጀትም በተራ ድምፅ አይለፍ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ገና አምስት ወር ሳይሞላው 582 ቢሊዮን ተጨመረበት፤ 60 በመቶ መሆኑ ነው። የምንዛሪ ለውጡ ወጪ አምጥቷል፤ አውቃለሁ። ነገር ግን ሰኔ ላይ የጸደቀ በጀት ኅዳር ላይ እንዲህ የሚሰፋ ከሆነ ሰኔ ላይ የተከራከርነው ስለ ምን ነበር? የልማት ድርጅት ብድርም ዋስትናው የመንግሥት እስከሆነ ድረስ እንደ በጀት ተቆጥሮ ምክር ቤት ይቅረብ። የባንክን ገንዘብ በመመሪያ መውሰድ በአዋጅ ይከልከል። የሰኔን ጉዳይ በተመለከተ ግዥ ክፍል የነበሩት እህታችን ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ እኔ ካተረፉት ግማሹ ለዚያው መሥሪያ ቤት ይቅር ባይ ነኝ።

ቤተልሔም

ውይይቱን ስከታተል ቆየሁ። 12,000 ብር ያልተጣራ ደመወዝ ላለው ሰው አዲሱ ሕግ ምን ለወጠ? ሥራ ቦታ የነገሩኝ ግልጽ አልሆነልኝም።

የሒሳብ ሰው

ቤተልሔም፣ በድሮው ስሌት 12,000 × 35% − 1,500 (ለመደቡ የተቀመጠው ተቀናሽ) = 2,700 ብር ግብር ነበር። በአዲሱ 12,000 × 30% − 1,350 = 2,250 ብር። ጡረታ 7 በመቶ፣ 840 ብር፣ አልተለወጠም። ከ8,460 ወደ 8,910 ብር የተጣራ መሆን አለበት። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ወዲህ ልዩነቱ 450 ብር ካልሆነ ሒሳብ ክፍሉን ጠይቂ። አበል ካለሽ ግብር የሚከፈልበት ክፍል እላዩ ላይ ይደመራል።

መምህር ከደብረ ማርቆስ

በሁሉም አልተስማማሁም፤ ሴፍቲኔትና ትምህርት ላይ ገደብ የሚባል ነገር ከመጣ ቀድሜ የምቃወመው እኔ ነኝ። ስለ ሰኔው ግዥና ስለ ባንኩ ቦንድ ግን የምመልሰው የለኝም። እኔ በወረዳዬ ምን ማድረግ እችላለሁ?

ግዥ ክፍል የነበርኩ

መምህር፣ የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት የጸደቀውን በጀትና የወጣውን ወጪ ለሕዝብ መለጠፍ አለበት፤ ብዙ ቦታ ግቢው ውስጥ ሰሌዳ አለ። የትምህርት ዘርፉን መስመር ይፈልጉ። ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ ተለይተው ይጻፋሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዙ ሲነሳ ለሥራ ማስኬጃ የሚቀረው ትንሽ ነው፣ ወንበር የሚገዛውም ከእሱ ወይም ከካፒታል በጀት ነው። የሦስተኛው ሩብ ዓመት ወጪ ስንት ላይ እንዳለ አይተው፣ ቀሪው ለምን እንደታሰበ ግንቦት ላይ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሰኔ ከገባ ዘግይቷል። ከተቻለ ከወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ጋር ይሂዱ፤ ብቻውን የመጣን ሰው «ነገ ና» ማለት ይቀላል።

መምህር ከደብረ ማርቆስ

ተባረኪ ልጄ። የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ሊቀ መንበር ጎረቤቴ ናቸው፤ ዛሬ ማታ አነጋግራቸዋለሁ። ካልተለጠፈ በማን ስም ነው ደብዳቤው የሚጻፈው፣ ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወይስ ለወረዳው ምክር ቤት?

ግዥ ክፍል የነበርኩ

ለኃላፊው፣ ግልባጭ ለወረዳው ምክር ቤት የበጀት ቋሚ ኮሚቴ። ገቢ መዝገብ ላይ አስፈርመው ቁጥሩን ይያዙ።